ለከባድ የሴራሚክ ግሪል ባለ ጎማ የጓሮ ጠረጴዛ አሠራር

የሴራሚክ ግሪል፣ ማለትም ከወፍራም ሸክላ የተሠራ ባለ ክዳን የከሰል መጥበሻ፣ የሚቀመጥበትን ጠረጴዛ በገዛ እጁ ለመሥራት ያሰበ ሰው መጋዝ ከማንሣቱ በፊት ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ የሚሠራው ጌጥ ያለው የቤት ዕቃ ሳይሆን ሸክም ተሸካሚ ጋሪ ነው። ስለዚህ ሥራው መታሰብ ያለበት ዓይን ከሚያርፍበት ከላይኛው ገበታ ሳይሆን መሬት ከሚነካው ጎማ ጀምሮ ነው። እኔ ጠረጴዛውን የሠራሁት በአሜሪካ፣ በጆርጂያ ግዛት፣ አትላንታ ዙሪያ በሚገኘው ቤቴ ጓሮ ነው። ያደረግሁትን ከነምክንያቱ የምጽፈውም ተመሳሳይ ሥራ ለሚያስቡ ወገኖች እንዲጠቅም ከልብ ስለምፈልግ ነው።

ግሪሉ ቢግ ግሪን ኤግ በሚል ስም ከሚሸጡት መካከል «ላርጅ» የሚባለው መጠን ነው። የመጥበሻ ፍርግርጉ ከዳር እስከ ዳር 46 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ግሪሉ ባዶውን 73 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ድርጅቱ በ1974 እ.ኤ.አ. በኤድ ፊሸር የተመሠረተው እዚሁ አትላንታ በመሆኑ አረንጓዴውን ግሪል በአካባቢያችን ጓሮዎች ማየት የተለመደ ነው። የዕቃው መነሻ ግን ካማዶ የተባለው የጃፓን ምድጃ ሲሆን፣ ወደ አሜሪካ በብዛት መግባት የጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ወፍራሙ ግድግዳው ሙቀትን አምቆ ስለሚይዝ በጥቂት ከሰል ለረጅም ሰዓት ይሠራል፤ አገር ቤት «ላቀች» የተባለው የከሰል ምድጃ ውስጡ በሸክላ እንዲሸፈን የተደረገበት ምክንያትም ይኸው ነው። ክዳኑ ሲዘጋ ሙቀቱ ከታችም ከላይም ስለሚመጣ፣ ድፎ ዳቦ ለመጋገር ከዚህ የተሻለ የውጭ ምድጃ እስካሁን አላገኘሁም። ይህ ሁሉ ጥቅም የሚገኘው ግን ከክብደቱ ጋር ነው፤ ክብደቱም በቀላሉ የሚሰበር ክብደት ነው። ሴራሚክ ሙቀትን ይችላል፤ ግጭትን ግን አይችልም።

ጎማ ያስፈለገው ለምቾት ብቻ አይደለም። ከሰል የሚነድበት ዕቃ ከቤት ግድግዳ፣ ከጣሪያ ክፈፍና ከእንጨት አጥር መራቅ አለበት። በአሜሪካ በብዙ ከተሞችና ግዛቶች የሚሠራበት ኢንተርናሽናል ፋየር ኮድ የተባለው የእሳት ደንብ፣ ተቀጣጣይ ከሆነ ነገር በተሠራ በረንዳ ላይ፣ እንዲሁም ከእንዲህ ዓይነቱ ግንባታ በ10 ጫማ ማለትም በ3 ሜትር ክልል ውስጥ በከሰል ማብሰልን ይከለክላል። ደንቡ አንድ ወይም ሁለት ቤተሰብ የሚኖርባቸውን ቤቶች ከክልከላው ነጻ ቢያደርግም፣ እኔ ርቀቱን ለራሴ ቤትም እንደ ሕግ ይዤዋለሁ። በሌላ በኩል የጆርጂያ ዝናብና ፀሐይ በእንጨት ላይ የሚበረቱ ስለሆኑ ግሪሉ በማይሠራበት ጊዜ ጣሪያ ሥር ቢሆን ይመረጣል። የማይንቀሳቀስ ጠረጴዛ ከሁለቱ አንዱን ያስጥላል፤ ባለ ጎማው ግን ሲነድ ወደ ሜዳ፣ ሲበርድ ወደ መጠለያ ለመውሰድ ያስችላል። በአፓርታማ የሚኖር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የከተማውን ደንብና የኪራይ ውሉን ቢያነብ ከብዙ ድካም ይድናል።

ወደ ሸክሙ ስሌት ልግባ፤ ብዙ ሰው ችላ የሚለውም ይህንን ነው። ግሪሉ 73 ኪሎ ግራም ነው። ከሥሩ የሚነጠፈው 40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 5 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር የኮንክሪት ንጣፍ 18 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ከሰሉ፣ ሙቀት መከላከያው ሸክላና ሥጋው ሲጨመሩ በግሪሉ በኩል 100 ኪሎ ግራም ገደማ ያርፋል። እንጨቱን፣ ጎማዎቹንና ገበታው ላይ የሚደረደሩትን ትሪዎች 70 ኪሎ ግራም ብለን ብንይዝ ጠቅላላው ሸክም 170 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይህ ቁጥር ለአራት ጎማ እኩል ይካፈላል ብሎ ማሰብ ግን አደገኛ ነው። በእኔ ጠረጴዛ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 130 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ የግሪሉ መካከል ከአንደኛው የጎማ ጥንድ 35 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይርቃል። በዚህ አቀማመጥ ከ100 ኪሎ ግራሙ 73 ያህሉ የሚያርፈው በቅርቡ ጥንድ ላይ ነው። የጠረጴዛው ግማሽ ክብደት ሲጨመርበት በዚያ በኩል ያሉት ሁለት ጎማዎች 108 ኪሎ ግራም ይሸከማሉ ማለት ነው። መሬቱ ጎርበጥ ያለ እንደሆነ ደግሞ አንደኛው ጎማ አየር ላይ ይቀርና ያ ሁሉ ሸክም ለጊዜው በጓደኛው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ እያንዳንዳቸው 135 ኪሎ ግራም እንዲችሉ የተመደቡ ጎማዎችን ገዛሁ፤ አራቱንም አንድ ዓይነት።

የጎማው ዓይነትም ያሳስባል። ክባቸው ከዳር እስከ ዳር አምስት ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ፖሊዩሬታን ከተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠሩ ድፍን ጎማዎችን መረጥኩ። ከዚህ ያነሱት በኮንክሪት መገጣጠሚያ ስንጥቅ ውስጥ ይሰነቀራሉ። በአየር የሚነፉት በሣር ላይ የተሻሉ ናቸው፤ ነገር ግን አየራቸው እየቀነሰ ሲሄድ ጠረጴዛው ያጋድላል፣ ቆሞም ይወዛወዛል፤ ስለዚህ በእሳት ለተሞላ ዕቃ አልመክራቸውም። አገጣጠማቸው በአንድ ምሶሶ ሳይሆን አራት ቀዳዳ ባለው ወፍራም ላሜራ የሆኑትን ይምረጡ፤ ምሶሶው ጠረጴዛው በተገፋ ቁጥር እንጨቱን እየቦረቦረ ይላቃል። ከአራቱ ሁለቱ ቀጥ ብለው ብቻ የሚሄዱ፣ ሁለቱ ዞር የሚሉ ናቸው። ዞር የሚሉትንና ፍሬን ያላቸውን ያደረግኋቸው በግሪሉ ሥር ነው። ፍሬን የሚይዘው ክብደት ሲጫነው ነውና ቀላል በሆነው ጫፍ ላይ ቢደረግ፣ ውሃ እንዲፈስ ተብሎ በመቶ ሁለት ያህል በተዳፋ ኮንክሪት ላይ ሊንሸራተት ይችላል። ፍሬኑም የጎማውን መሽከርከር ብቻ ሳይሆን መዞሩንም የሚቆልፍ ይሁን።

አጽሙን ከማቆሜ በፊት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለብዙ ዓመታት በአናጺነት የሠሩ አንድ ጎረቤቴ ንድፌን እንዲያዩልኝ ለመንኋቸው። እርሳቸው ወረቀቱን አዙረው አዙረው ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ ብሎን ያጣብቅ እንጂ አይሸከም፤ እንጨቱ በእንጨት ላይ ይረፍ» አሉኝ። «ታዲያ እግሩን ልቦርቡረው ጋሼ?» ብላቸው፣ «አዎ፣ አግዳሚው እንዲገባበት አድርገህ ቦርቡረው» ብለው በእርሳሳቸው አሳዩኝ። ጠቅላላው ጥንካሬ የመጣው ከዚህ ምክር ነው። እግሮቹ በገበያ 4 በ4 የሚባሉት ናቸው፤ ትክክለኛ ልካቸው 3.5 ኢንች ወይም 89 ሚሊ ሜትር ነው። በየእግሩ ጎን አንድ ኢንች ተኩል ጥልቀት ያለው ጥርስ በመጋዝና በመሮ አወጣሁ። 2 በ6 የሆኑት ረጃጅም አግዳሚዎች፣ ትክክለኛ ልካቸው 38 በ140 ሚሊ ሜትር ነው፣ በጠባብ ጠርዛቸው ቆመው በዚያ ጥርስ ውስጥ ተቀመጡ። ክብደቱ ከአግዳሚው ወደ እግሩ፣ ከእግሩ ወደ ጎማው በቀጥታ ይወርዳል፤ ብሎኑ ሁለቱን እንዳይለያዩ ይዞ ያቆያል እንጂ ኪሎውን አይቀበልም።

ከእያንዳንዱ ጥንድ እግር ሥር አንድ 2 በ6 ጣውላ ወርድ ለወርድ አጋደምኩና ጎማውን በእርሱ ላይ አሠርኩት። እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ዘዴ አለች። ብሎኖቹ ከእግሩ በታች ስለሚቀሩ፣ እግሩ ከቆመ በኋላ ራሳቸውን ይዞ ማጥበቅ አይቻልም። ስለዚህ አንገታቸው አራት ማዕዘን የሆነ፣ እንጨት ውስጥ ሲገቡ የማይዞሩ ብሎኖችን ወሰድኩ፤ ራሳቸው የሚቀበርበትን ጉድጓድ በሰፊ ፑንታ ከላይ በኩል ከፈትኩ፤ ከላይ ወደ ታች በመዶሻ አስገባኋቸው፤ ከዚያ በኋላ ነው እግሮቹን ያቆምኩትና በዚንክ በተቀባ አንግላሬ ያሰርኳቸው። ዳዶዎቹና ሮንዴላዎቹ ከሥር ስለሆኑ ጎማው ባረጀ ጊዜ እግሩን ሳልነካ እለውጠዋለሁ። የሚገፋ ጠረጴዛ ወደ ጎን የመንጋደድ ጠባይ ስላለው፣ በኋላና በሁለቱ ጎኖች በየማዕዘኑ ሰያፍ ድጋፍ መግባት አለበት። የፊቱን ጎን ክፍት ተውኩት፤ የግሪሉ የታችኛው መስኮት አመድ የሚወጣበትና አየር የሚገባበት ነውና እጅና አካፋ በነጻነት ሊደርሱበት ይገባል።

ስለ እንጨቱ ልናገር። ለአጽሙ የመረጥኩት በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች በየመደብሩ የሚገኘውን፣ በመድኃኒት የታከመ የጥድ ዓይነት ነው፤ ምስጥና እርጥበት በሚበዛበት አካባቢ ያልታከመ ጥድ ብዙ አይቆይም። በዛሬው ማከሚያ ውስጥ መዳብ ስላለ ተራ ብረት ቶሎ ይበላል፤ ስለዚህ ቪቲውም ብሎኑም በቀለጠ ዚንክ ውስጥ የተነከረ ወይም የማይዝግ ብረት መሆን አለበት። ከፈረሰ አሮጌ በረንዳ የተገኘ እንጨትን ግን ለዚህ ሥራ አይውሰዱ። እስከ 2003 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ ለመኖሪያ ቤት የሚሸጠው የታከመ እንጨት በአብዛኛው አርሴኒክ ያለበት ነበርና ምግብ ከሚቀርብበት ቦታ መራቅ አለበት። የአዲሱም ቢሆን ቁርጥራጭና ብናኝ እሳት ውስጥ መግባት የለበትም፤ ጢሱ መርዛማ ነው። ልጆች ወይም እንግዶች እንደ ማገዶ ቆጥረው ከሰሉ ላይ እንዳይጨምሩት፣ ቁርጥራጩን ሥራው እንዳለቀ ከግቢ አስወጣሁ።

የታከመ እንጨት ከመደብር ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ውሃ የጠጣ ነው። ያንኑ ዕለት ተቆርጦ ቢገጣጠም እየደረቀ ሲሄድ ይጣመማል፣ መገጣጠሚያውም ይከፈታል። ጥላ ሥር ደርድሬ፣ በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት አስገብቼ ነፋስ እንዲያገኘው አደረግሁ። መድረቁን የማውቀው ጥቂት የውሃ ጠብታ ላዩ ላይ በማንጠባጠብ ነበር፤ ጠብታው ክብ ሆኖ ከቆመ ገና ነው፣ ቶሎ ከሠረገ ደርሷል። ምግብ ለሚነካው ለላይኛው ገበታ ግን ያልታከመ ዝግባ መሰል እንጨት፣ አሜሪካውያን ሲዳር የሚሉትን ተጠቀምኩ። ቀላል ነው፣ በራሱ ቅባት መበስበስን ይቋቋማል፣ ፀሐይም ብዙ አያጣምመውም።

ሙቀቱን በተመለከተ የማያወላውለው ሕግ፣ ሴራሚኩ በምንም ቦታ እንጨት አይነካም የሚለው ነው። ግሪሉ በገበታው ላይ አልተቀመጠም፤ ገበታውን በክብ ቀዳዳ አልፎ ከታች ባለው መደርደሪያ ላይ ያረፈ ነው። ክብደቱ ወደ ታች መውረዱ ጠረጴዛው በቀላሉ እንዳይገለበጥም ይረዳል። በታችኛው መደርደሪያ ሥር ሦስት ወርድ አግዳሚዎች በጠርዛቸው ቆመዋል፤ በላያቸው ጣውላ፣ በጣውላው ላይ የኮንክሪቱ ንጣፍ፣ በንጣፉ ላይ ለግሪሉ ተብሎ የተሠራው ዝቅተኛ የብረት ማስቀመጫ ይመጣል። የብረት ማስቀመጫው ከግሪሉ ቂጥ ሥር አየር እንዲመላለስ ያደርጋል። ፍም አንዳንዴ ከታችኛው መስኮት ይረግፋልና፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለውን ጣውላ በቆርቆሮ ሸፈንኩት።

ቀዳዳውን ለመቁረጥ መጀመሪያ ካርቶን ላይ ሠራሁ፤ ይህንን ሳያደርጉ እንጨቱ ላይ መጋዝ እንዳያሳርፉ አጥብቄ እመክራለሁ። ግሪሉን ገበታው በሚያልፍበት ከፍታ ላይ በገመድ ዙሪያውን ለክቼ ስፋቱን አገኘሁ፤ ዙሪያውን በ3.14 ማካፈል ነው። በዚያ ላይ በሁሉም በኩል ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ክፍተት ጨመርኩ፤ የግሪሉ አምራች መመሪያ ከዚህ የሰፋ ክፍተት የሚጠይቅ ከሆነ መመሪያው ይከበር። በካርቶኑ ውስጥ ግሪሉን አስገብቼ ክዳኑን እስከ መጨረሻው ስከፍት፣ የኋላው ማጠፊያ ወደ ታችና ወደ ኋላ ወርዶ ካርቶኑን ሲገፋው አየሁ። ስለዚህ ከኋላ በኩል ክቡን ትቼ አራት ማዕዘን የሆነ ተጨማሪ ቦታ ከፈትኩለት። እንጨቱ ላይ ክቡን የሳልኩት አንድ ምስማር መካከሉ ላይ መትቼ፣ ጫፉ ላይ እርሳስ የገባበት ቀጭን ጣውላ በማዞር ነው፤ የቆረጥኩትም ጂግሶ በተባለው ክብ መስመር መከተል በሚችል የኤሌክትሪክ መጋዝ ሲሆን ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት።

የገበታው ጣውላዎች በመካከላቸው የአንድ ወፍራም ምስማር ያህል ክፍተት አላቸው፤ ውሃው ይወርዳል፣ እንጨቱም ሲያብጥና ሲከሳ መፈናፈኛ ያገኛል። የገበታው ከፍታ ጎማውን ጨምሮ 91 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሥጋ ለሚከትፍ ሰው ወገብ የሚስማማ ነው። ለቅባቱ እንደ ቫርኒሽ የሚላጥ ሽፋን ሳይሆን የሚሠርግ የተልባ ዘይት መረጥኩ። ዘይቱን የጠረግሁበትን ጨርቅ ግን ጠቅልሎ ጥግ ላይ መጣል ቤት ያቃጥላል፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ራሱን በራሱ ያሞቃልና ጨርቁ ውጭ ተዘርግቶ መድረቅ ወይም ውሃ በሞላው የብረት ዕቃ ውስጥ መዘፈቅ አለበት።

ግሪሉን ወደ ቦታው ማስገባት የሁለት ጠንካራ ሰዎች ሥራ ነው። አስቀድመው በውስጡ ያሉትን ሁሉ፣ ፍርግርጉን፣ የእሳት ቀለበቱንና የእሳት ሣጥኑን አውጡ፤ ክብደቱ በእጅጉ ይቀንሳል። በክዳኑ እጀታ ወይም በጎን መደርደሪያዎቹ ማንሣት ፈጽሞ አይገባም። እኔና ወንድሜ ጎማዎቹን ቆልፈን፣ አንዳችን እጃችንን በታችኛው መስኮት አስገብተን፣ ሌላችን ከኋላ ከሥሩ ይዘን ነበር ያነሣነው፤ የላይኛውን ገበታ የመጨረሻዎቹን ጣውላዎች ያሰርነውም ግሪሉ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ገበታው አስቀድሞ ቢያልቅ ኖሮ 73 ኪሎ ግራሙን ከ91 ሴንቲ ሜትር በላይ አንሥቶ በቀዳዳው ቁልቁል ማውረድ ግድ ይሆን ነበር። ስለዚህ ከእንጨት ሥራው ቅደም ተከተል ሁሉ ይህኛውን በተለይ ያስታውሱ።

ጠረጴዛው የሚንቀሳቀሰው ግሪሉ ፈጽሞ ሲበርድ ብቻ ነው። የሴራሚክ ግሪል መስኮቶቹ ቢዘጉም ፍሙ በውስጡ ለብዙ ሰዓታት ሊቆይ ስለሚችል፣ ማታ ያበሰልኩበትን የምመልሰው በማግስቱ አመዱን በእጄ ካረጋገጥኩ በኋላ ነው። ጋራዥ ውስጥ፣ በሩ ተከፍቶም ቢሆን፣ ከሰል ማንደድ ሞት ነው፤ የከሰል ጭስ ገዳይነትን አገር ቤት ያደግን ሁላችን እናውቀዋለን፣ የጋራዡ ስፋት ግን ሰውን ሊያዘናጋ ይችላል። ስገፋ የምይዘው ቀላሉን ጫፍ ነው፤ ስንጥቅ ወይም ከፍታ ያለበት ቦታ ሲያጋጥም ኮምፔርሳቶ አንጥፌ በላዩ አሳልፈዋለሁ፤ ዝናብ በጠጣ ሣር ላይም እንዲሁ። የእንጨት በረንዳ ላይ ለማቆም የሚያስብ ሰው፣ በአሜሪካ የመኖሪያ ቤት በረንዳ በተለምዶ የሚሰላው በካሬ ሜትር 195 ኪሎ ግራም እንዲሸከም መሆኑን ይወቅ። የእኔ ጠረጴዛ በሚይዘው ቦታ ላይ ብቻ 150 ኪሎ ግራም በካሬ ሜትር ያሳርፋል፤ በፋሲካ ዕለት ዙሪያውን የሚቆመው ቤተ ዘመድ ሲጨመርበት የቆየ በረንዳ ሊከብደው ይችላልና ባለሙያ ቢያየው መልካም ነው።

የመጀመሪያውን እሳት በዝቅተኛ ሙቀት፣ በ110 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ አድርጌ የቀዳዳውን ጠርዝ፣ የታችኛውን መደርደሪያና የኮንክሪቱን ዙሪያ በየጊዜው በእጄ ዳሰስኩ፤ ከዚያ በኋላ ነው ሙቀቱን እያሳደግሁ እስከ ዳቦ መጋገሪያው ልክ የደረስኩት። እጅ ለማስቀመጥ የሚያቃጥል እንጨት ካገኛችሁ ክፍተቱን ሳታሰፉ አትቀጥሉ። የመጀመሪያው በጋ ሲያልፍ እንጨቱ ይበልጥ ስለሚደርቅ ዳዶዎቹ ሁሉ ይላላሉ፤ አንድ በአንድ አጥብቁ፣ ጎማዎቹን አጽዱና ኩሽኔታቸውን ግሪስ ቀቡ፣ ገበታውንም በዓመት አንድ ጊዜ ዘይት አጠጡት።